በጋ የሰነጠቀውን ክረምት ያፈርሰዋል፦ ስለ ትንሽ የጎርፍ መከላከያ የአፈር ግድብ

አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ጎርፍ ማለት ወንዝ ሞልቶ ለቀናት የሚተኛ ውኃ አይደለም። ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ወይም የካ ላይ ደመናው ይጠቁራል፣ ዶፉ አንድ ሰዓት ያህል ይወርዳል፣ ከዚያ ከርሞ ደረቅ የነበረው ቦረቦር ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ሲመሽ ነገሩ አልቋል፤ የቀረው ግቢ የገባ ጭቃና የወደቀ አጥር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ ጎርፍ ከ3 እስከ 5 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ብዙ ይረዳል። በደንብ ካልተሠራ ግን ውኃውን ሰብስቦ በአንድ ጊዜ የሚለቅ ወጥመድ ነው፤ ያኔ ባይሠራ ይሻል ነበር።

ግድብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ለገዳዲን ወይም ገፈርሳን ነው፤ ውኃ የሚያቁር። የጎርፍ ግድብ ግን ዓመቱን ሙሉ ባዶ መሆን አለበት። ከሥሩ መዝጊያ የሌለው፣ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቀዳዳ አለው። ትንሽ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በቀዳዳው ዝም ብሎ ያልፋል። ዶፍ ሲመጣ ደግሞ የሚገባው ከሚወጣው ስለሚበልጥ ከጀርባው ይጠራቀምና በ3 እና በ4 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈሳል። በነጋታው ከሰዓት ሌላ ዝናብ ስለሚኖር ከዚያ በፊት ባዶ ሆኖ መገኘት አለበት። አንዳንድ ሰፈር "ለከብት መጠጫ ይሁነን" ተብሎ ቀዳዳው በድንጋይ ሲደፈን ይታያል። ሐሳቡ ይገባል፤ ግን የተሞላ ግድብ ጎርፍ አያዘገይም።

ባዶነቱ ሌላም ጣጣ ያመጣል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ፣ ከበልጉ ዝናብ በቀር፣ ግድቡን የሚያገኘው ፀሐይ ነው። ውኃ የሚያቁር ግድብ አካሉ እርጥብ ሆኖ ይከርማል፤ የእኛው ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የክረምቱን የመጀመሪያ ጎርፍ በተሰነጠቀ ገላው ይቀበላል። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ከግድቡ በላይ ያለው ተፋሰስ 20 ሄክታር ነው እንበል፤ ከፊሉ እርሻ፣ ከፊሉ ባሕር ዛፍና ግጦሽ። በ50 ደቂቃ ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ፤ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከወረደው 40 በመቶው መሬት ሳይገባ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል ብንል፣ 0.4 በ60፣ እሱ በ20 ተባዝቶ፣ መለኪያውን ወደ ሜትር ኩብ በሰከንድ ለመለወጥ ለ360 ሲካፈል በሰከንድ 1.33 ሜትር ኩብ ይመጣል። ጎርፉ በጣም ሲበረታ የሚደርስበት መጠን ይህ ነው። በጠቅላላው የሚወርደው ውኃ ደግሞ 4,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከታች ያለው ቦይ ሳይገነፍል ማሳለፍ የሚችለው በሰከንድ 0.4 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከ1.33ቱ 30 በመቶውን ብቻ ከሆነ፣ የቀረው 70 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 2,800 ሜትር ኩብ፣ ግድቡ ጀርባ መቆየት አለበት። ለደለል 500 ስንጨምር 3,300 ሜትር ኩብ ቦታ ያስፈልገናል።

በዚህ ስሌት ውስጥ በጥርጣሬ የምትታየው ቁጥር ጎርፍ ለሚሆነው 40 በመቶ የገባችው 0.4 ናት። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው፤ በከተማው ዳር በየዓመቱ የሚለወጠው እሷ ናት። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮብልስቶንና ሲሚንቶ ግቢ ሲበዛ 0.6 ትገባለች፤ ያኔ ያው ዶፍ በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከላይ ያለው መሬት ለመኖሪያ ተሸንሽኖ ከሆነ፣ ገና ቤት ባይቆምበትም፣ ቤት እንደቆመበት አድርጎ ማስላት ነው የሚሻለው።

ቀጥሎ ቦታ። ሸለቆው በ4 ሜትሩ የግድብ አናት ከፍታ ላይ 60 ሜትር ስፋት ያለው፣ ቅርጹ እንደ V ፊደል ወደ ታች የሚጠብ፣ ወለሉ በ100 ሜትር 2 ሜትር ብቻ የሚወርድ ቢሆን፣ ውኃው 3 ሜትር ሲጠልቅ ወደ ኋላ 150 ሜትር ይተኛል፤ 3,375 ሜትር ኩብ ይይዛል። የምንፈልገውን ያህል ማለት ነው። ያው ግድብ ወለሉ በ100 ሜትር 6 ሜትር በሚወርድ ሸለቆ ላይ ቢሠራ ግን የሚይዘው አንድ ሦስተኛውን፣ 1,125 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ተራራው ወገብ ላይ ግድብ መሥራት አፈርና ነዳጅ ማባከን የሚሆነው ለዚህ ነው። እዚያ የሚሠራው እርከንና የድንጋይ ክትር ነው። ግድቡ የሚቆመው ሸለቆው ረገብ ብሎ ከተኛ በኋላ መልሶ በሚጠብበት ቦታ ላይ ነው፤ በየካና በፉሪ ግርጌዎች እንዲህ ያለ ቦታ ይገኛል። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ ሰውም ቤት መሥራት የሚወደው እዚያው ነው።

የግድቡ መጠን

ከፍታው 4 ሜትር፣ አናቱ 3 ሜትር ስፋት። የውኃው ወገን ገጽ በ1 ሜትር ከፍታ 2.5 ሜትር፣ የውጭው ገጽ በ1 ሜትር 2 ሜትር ይጋደማል። ሲደመር መሐሉ ላይ ወርዱ 21 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ሲሰማ የማይደነግጥ የለም፤ ብዙዎቹ የሚያስቡት 6 ወይም 7 ሜትር ነው፣ እንደ ግንብ አጥር። የውኃው ወገን ይበልጥ የሚጋደምበት ምክንያት አለው። የጎርፍ ግድብ ሞልቶ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ከውጭ ያለው ውኃ ሲሄድ አፈሩ ውስጥ የሰረገው ወዲያው አይወጣም፤ ይከብዳል፣ የሚደግፈው ውኃም የለም፣ ገጹ ተንሸራቶ ይወርዳል። በዓመት አንዴ ሳይሆን በያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ ይህ ፈተና ይመጣል።

የአፈሩ መጠን ለ60 ሜትር ርዝመት 1,080 ሜትር ኩብ፣ ለመሠረቱ ቦይ 180፣ በጠቅላላው 1,260 ነው። ይህ የተጠቀጠቀው ነው። ፈታ ብሎ መኪና ላይ ሲጫን 30 በመቶ ያህል ስለሚነፋ ወደ 1,640 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ባለ 16 ሜትር ኩብ ገልባጭ ከ100 ጊዜ በላይ ይመላለሳል። አፈሩ ከ1 ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ካልተገኘ ዋጋው ሥራውን ይገድለዋል። ከግድቡ ጀርባ፣ ውኃው ከሚተኛበት ቦታ መቆፈር ሁለት ጥቅም አለው፤ አፈርም ይገኛል፣ ቦታም ይሰፋል። ግን ከግርጌው ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል።

አፈሩ

ከእንጦጦና ከየካ ተዳፋት የሚገኘው ቀይ የሸክላ አፈር በአብዛኛው ደህና ነው። አቃቂና ቃሊቲ፣ የቦሌ ሜዳና ሱሉልታ ላይ ያለው ጥቁር አፈር ነው ችግሩ። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ፣ ጥልቀቱም ከ1 ሜትር የሚያልፍ ይሆናል። ሲረጥብ ውኃ ስለማያሳልፍ "ከዚህ የተሻለ ለግድብ የት ይገኛል" የሚል ሰው አይጠፋም። ለሚያቁር ግድብ ከሆነ ክርክር አለው። ለደረቅ ግድብ ግን በመጋቢት ሄዶ አናቱን ማየት ይበቃል።

ከጥቁር አፈር ሌላ ከሌለ ውስጡ ይግባ፤ በዙሪያውና በአናቱ ላይ ግን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የማያብጥ ቀይ አፈር ይልበስ፣ ገጾቹም የበለጠ ይጋደሙ፤ የውኃው ወገን 3፣ የውጭው 2.5። አናቱ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ ማንጠፍ እርጥበቱን ይይዝለታል። ቀይ አሽ ርካሽና ለመጠቅጠቅ ቀላል ስለሆነ መሙያ ሲደረግ ይታያል። ለመንገድ ጥሩ ነው፤ ለግድብ አካል ግን ወንፊት ነው።

ላቦራቶሪ መላክ የሚቻል ከሆነ ይላክ። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ነገር እጅ ላይ ማየት ይቻላል። አንደኛው ጠርሙስ ነው። አፈሩን እስከ ሲሶው ጨምሮ ውኃ ሞልቶ፣ ጨው ጣል አድርጎ በደንብ መናጥ፣ ከዚያ አንድ ቀን ማስቀመጥ። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከታች ይተኛል፣ ከላይ የሚቀመጠው ሸክላው ነው። ከጠቅላላው ከ20 እስከ 30 በመቶ ሸክላ ከሆነ መልካም። ሁለተኛው ማድረቅ ነው። ውኃ የጠጣውን አፈር 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ አድርጎ ጥላ ውስጥ ማድረቅ፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ካጠረ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ እኔ ቢሆን አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው። የአተር ፍሬ የሚያህል ጓል በጠራ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብሎ ማስቀመጥና ሳይነኩ 10 ደቂቃ ማየት። ጓሉ ቢፈራርስም ውኃው ጠርቶ ከቆየ ችግር የለም። ጓሉ ዙሪያ ወተት የፈሰሰ የሚመስል ደመና ከተነሣና ወደ ጎን ከተስፋፋ፣ ያ አፈር ውኃ ሲነካው ራሱን የሚበትን ነው። ጣት የማያስገባ ቀዳዳ በአንድ ሌሊት ቱቦ ያደርገዋል። በዚያ አፈር ግድብ አይሠራም።

መሠረትና ጥቅጠቃ

የላዩን 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ከነሣሩና ከነሥሩ መግፈፍ፤ የተገፈፈው አይጣል፣ በመጨረሻ ገጹን ለማልበስ ይፈለጋል። የባሕር ዛፍ ጉቶ ካለ ሥሩ እስኪያልቅ ይቆፈር። ከዚያ በግድቡ ርዝመት መሐል ላይ፣ ታቹ 2 ሜትር ስፋት ያለው ቢያንስ 1 ሜትር ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል፤ ሳይት ላይ "ኪ ትሬንች" የሚሉት ነው። ውኃ ከሥር ሾልኮ እንዳይሄድ የሚቆልፈው እሱ ነው። የሚቆመው ጠንካራና ውኃ የማያሳልፍ ንብርብር ሲገኝ እንጂ 1 ሜትር ስለሞላ አይደለም። ከሥር የተሰነጣጠቀ ጭንጫ ከተገኘ ስንጥቁ ተጠርጎ በሲሚንቶ ሊጥ ይሞላል። ቦዩ ውስጥ የሚገባው ካለው አፈር ሁሉ ምርጡ ሸክላ ነው።

ሙሌቱ በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ነው የሚሠራው፤ ሲጠቀጠቅ ወደ 15 ይወርዳል። ለ4 ሜትር ከ26 እስከ 27 ንጣፍ ማለት ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ላይ ጥርሳም ሮለር ከ6 እስከ 8 ጊዜ ይመላለሳል። "ዶዘሩ እየተመላለሰበት ጠቅጥቆታል" የሚባለው ወሬ ነው። የዶዘር ሰንሰለት የተሠራው ክብደቱን አሰራጭቶ ጭቃ ላይ እንዳይሰምጥ ነው፤ አፈር ለመጠቅጠቅ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። አንዱ ንጣፍ አልቆ ሌላው ከመደረቡ በፊት ገጹ ይጫር፣ ይረጠብ። ለስላሳ ሆኖ የደረቀ ገጽ ላይ የተደረበ ንጣፍ አይያያዝም፤ ውኃ በዚያ መስመር ይሄዳል።

እርጥበቱ ከሮለሩ አይተናነስም። አንድ ጭብጥ አፈር ጨምቆ ድቡልቡል አድርጎ ከወገብ ከፍታ ጠንካራ መሬት ላይ መጣል። ዱቄት ከሆነ ደርቋል፤ እንደ ቂጣ ከተለጠፈ ረጥቧል፤ ለጥቂት ጓል ከተከፈለ ልክ ነው። ሥራው በበጋ ስለሆነ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይደርቃል፤ ቦቴ የግድ ነው። አፈሩ ከሚገባው 5 በመቶ ቢጎድለው ለአንድ ሜትር ኩብ 85 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ለ1,260 ሜትር ኩብ ወደ 107,000 ሊትር ነው፤ ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ 11 ጊዜ። ሥራ ተቋራጩ ያቀረበው ዋጋ ውስጥ ቦቴ ከሌለ በደረቁ ሊጠቀጥቀው አስቧል ማለት ነው። በደረቁ የተጠቀጠቀ አፈር ሲያዩት ይጠነክራል፤ የመጀመሪያው ውኃ ሲነካው ግን ቁጭ ይላል።

በደንብ የተጠቀጠቀውም ቢሆን ትንሽ ይሰምጣል። 5 በመቶ መያዝ ደህና ነው፤ መሐሉ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ አናቱ የኤሊ ጀርባ መስሎ ይጠናቀቅ። ቀጥ ብሎ የተጠናቀቀ አናት በሁለተኛው ዓመት መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ውኃ የሚያልፍበትም እዚያው ይሆናል።

ቱቦው

የአፈር ግድቦች ከሚፈርሱበት ምክንያት ግማሽ ያህሉ ውኃ ከላይ ማለፉ ነው፤ የቀረው ግማሽ ከሞላ ጎደል ውስጥ ለውስጥ መሸርሸር ነው፣ መሐንዲሶቹ ፓይፒንግ የሚሉት። ትንሽ ግድብ ላይ ያ ሽርሸራ የሚጀምርበት ቦታ ቱቦው ዳር ነው።

በእኛ ምሳሌ ውኃው 3 ሜትር ሲጠልቅ በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ በሰከንድ 0.41 ሜትር ኩብ ያልፋል፤ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ቱቦውን ግን 30 ማድረግ ስሕተት ነው፤ ከደፈነ ማን ይገባበታል? ቱቦው ባለ 60 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ቱቦ ሆኖ መግቢያው ላይ የኮንክሪት ግንብ ይሠራና 30 በ30 ቀዳዳ ይተውለታል። ማነቆው መግቢያው ላይ ብቻ ይሆናል፣ ከወዲያ በኩል ገብቶ ማጽዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት። የመንገድ ሥራ የለመደ ሠራተኛ ቱቦ ሲቀብር ከሥሩና ከጎኑ አሸዋ ወይም ጠጠር ያነጥፋል። ለመንገድ ትክክል ነው። ግድብ ውስጥ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተነጠፈ አሸዋ ለውኃው የተዘጋጀ ሁለተኛ ቱቦ ነው። ስለዚህ ቱቦው ባልተነካ ጠንካራ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ይቀመጣል፣ ከሥሩ እስከ ግማሽ ጎኑ ኮንክሪት ይፈስበታል፤ ምክንያቱም ከቱቦ ሆድ ሥር አፈር መጠቅጠቅ የሚችል መሣሪያ የለም። ከዚያ በላይ ሸክላው በ10 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ በእጅ በሚያዝ መጠቅጠቂያ፣ በጃምፒንግ ኮምፓክተር፣ ይጠቀጠቃል፤ ሮለሩ የሚቀርበው ቱቦው ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተሸፈነ በኋላ ነው። ቱቦዎቹ ባለ 1 ሜትር ከሆኑ ለ22 ሜትር 21 መገጣጠሚያ አለ፤ እያንዳንዱ ዙሪያውን በኮንክሪት ቀበቶ ይታሰራል።

አሸዋ የሚፈለገው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከቱቦው ርዝመት በመጨረሻው ሲሶ፣ ወደ ውጭው ገጽ በኩል። እዚያ ቱቦውን ዙሪያውን የከበበ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ አሸዋ ይቆማል፣ ከእሱ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከዚያ የግርጌው ድንጋይ። ሥራው የሾለከውን ውኃ ማሳለፍና አፈሩን ማስቀረት ነው። አሸዋው ጭቃ ያለው ከሆነ ይደፈናል፤ ጠርሙስ ውስጥ ሲናጥ ውኃው ቶሎ ካልጠራ ይታጠብ።

መግቢያው ላይ ማጣሪያ ፍርግርግ ያስፈልጋል፤ የዚህ ከተማ ጎርፍ ውኃ ብቻ ይዞ አይመጣም። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ አንዳንዴ የሞተ ውሻ። ባለ 16 ፌሮ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተበይዶ፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ግድቡ ተጋድሞ ይቆማል፤ ስፋቱ ከቀዳዳው ቢያንስ 10 እጥፍ፣ እዚህ 1 ካሬ ሜትር ያህል። ሲጋደም ታቹ ቢደፈንም ቆሻሻው ከውኃው ጋር ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ውኃው በሌላው በኩል ይገባል። ከቀዳዳው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የተበየደ መረብ በአንድ ዝናብ በፌስታል ይለበጣል።

መውጫው ላይ ውኃው በኃይል ስለሚወጣ መሬቱን ይቆፍራል። ከ3 እስከ 5 ሜትር ርዝመት ጋቢዮን፣ ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ማንጠፍ፤ ከሥሩ ጂኦቴክስታይል፣ ውኃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ። የጋቢዮኑ ድንጋይ ከሽቦው ቀዳዳ የሚበልጥ ይሁን፤ ነገሩ ግልጽ ይመስላል፣ ግን ትንንሹ ድንጋይ ፈስሶ ባዶ የቀረ የሽቦ ሳጥን ብዙ ቦታ ይታያል።

ማስተንፈሻው

ከተሰላው የሚበልጥ ዝናብ አንድ ቀን ይመጣል፤ ወይም ቀዳዳው ይደፈናል። ያኔ ውኃው በአፈሩ አናት ላይ እንዳያልፍ በጎን መንገድ ይሰጠዋል። ማስተንፈሻው ሲሰላ ቱቦው ጨርሶ እንደተደፈነ ተደርጎ ነው። ለሰከንድ 2.5 ሜትር ኩብ ወለሉ 6 ሜትር ስፋት ቢኖረው ውኃው ላዩ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። ከዚያ በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ከፍታ ይጨመራል። ስለዚህ ወለሉ ከግድቡ አናት 1 ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል።

ቦታው ከግድቡ ዳር በሚገኘው ያልተነካ መሬት ላይ ነው፤ በሙሌቱ ላይ በጭራሽ። መውጫው ውኃውን ከግርጌው አርቆ ወደ ቦረቦሩ ይመልሰው፤ ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም አጥር የሚለቅ ከሆነ ጎርፉን ማዘዋወር ብቻ ነው፣ ጸቡም አይቀርም። ቁልቁለቱ ለስላሳ ከሆነ ሣር ይበቃል፤ ውኃው በሰከንድ ከ1.5 ሜትር በላይ የሚሮጥ ከሆነ ድንጋይ ይነጠፍ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው፤ ማስተንፈሻው ሰፊ፣ ደረቅና ሜዳ ስለሚመስል አንድ ሰው ያጥረዋል ወይም ድንጋይና አሸዋ ያራግፍበታል። የድንበር ችካልና ምልክት ከመጀመሪያው መትከል ነው።

በነገራችን ላይ የውኃ ሥራ መገንባት በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ከወረቀቱም በላይ፣ ከግድቡ ቁልቁል ሰው የሚኖርበት ቤት ካለ፣ 3 ሜትር የተጠራቀመ ውኃ በደቂቃዎች ውስጥ ሊለቀቅ የሚችል ነገር ነውና የመሐንዲስ ፊርማ የሌለው ግድብ መቆም የለበትም።

ጊዜና ጥበቃ

ግፈፋና ቁፋሮ በኅዳር፣ ሙሌት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፤ የበልጉ ዝናብ መሐል ስለሚገባ ቀን መጠባበቂያ ይያዝ። ሚያዝያ ላይ ያልተጠናቀቀ ግድብ ካለ ሸለቆው ለውኃው ክፍት ሆኖ ይከርም፤ በግማሽ ከፍታ፣ ያለ ማስተንፈሻ ክረምት የገባ ግድብ በሐምሌ አይገኝም። ሰኔ ላይ የተገፈፈው አፈር ገጹ ላይ ይለበስና ሰርዶ ይተከላል፤ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ሰርዶ ተስቦ ይሸፍናል፣ በጋውን ይችላል፣ ከብት ቢግጠውም ይመለሳል። ዛፍ አይተከልም። የባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ያደርቃል፣ ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል።

ከብት መጋጡ አይጎዳም፤ መንገድ ማድረጉ ነው የሚጎዳው። አንድ መስመር ይዞ አናቱን ሲያቋርጥ 20 ሳንቲ ሜትር ይቆፍራል፣ ያ ጉድጓድ ከትርፍ ከፍታው ሲሶውን በላ ማለት ነው። በማስተንፈሻው በኩል ሌላ መሻገሪያ ማመቻቸት ከማባረር ይቀላል። ፍልፈል ደግሞ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው፤ ገጹ ላይ አዲስ የተቆለለ ለስላሳ አፈር ከታየ ከሥሩ ዋሻ አለ። የጃርት ጉድጓድ ሰፊ ስለሆነ ያስታውቃል። ሁለቱም አፉን በመድፈን አይድኑም፤ እስከ መጨረሻው ተቆፍሮ፣ እርጥብ ሸክላ እየተጠቀጠቀ ይሞላል።

ዋናው ፍተሻ ግንቦት ላይ ነው፤ ስንጥቁ በደንብ በሚታይበትና ጎርፉ ገና ባልመጣበት። በርዝመቱ የሄደ ስንጥቅ ገጹ ሊንሸራተት መሆኑን ሊናገር ይችላል። በወርዱ፣ ከውኃው ወገን ወደ ውጭ የሚያቋርጠው ግን በቀጥታ የውኃ መንገድ ነውና ቀድሞ ይያዝ። ትንሽ የኖራ ውኃ ስንጥቁ ውስጥ አፍስሶ ነጩን ተከትሎ መቆፈር፣ ነጩ ካለቀበት 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ ማቆም፣ ከዚያ በንጣፍ መልሶ መጠቅጠቅ። ደረቅ አፈር በአካፋ ጠርጎ ማልበስ ስንጥቁን ከዓይን ይሰውረዋል፤ ውኃው ግን ያገኘዋል። በዚያው ሳምንት ፍርግርጉ ይጽዳ፣ ቱቦው ውስጥ በባትሪ መብራት መገጣጠሚያዎቹ ይታዩ። ደለሉ ቀለም በተቀባ ችካል ይለካል፤ የተያዘለት 500 ሜትር ኩብ ከሞላ በበጋ ይጠረጋል፣ ሲጠረግም ከተፋሰሱ ውጭ ወይም ወደ ማሳ ይሂድ፤ ዳር ላይ የተቆለለ ደለል በሐምሌ ተመልሶ ይገባል።

ዝናቡ እየወረደ ሳለ የሚታየው ግርጌው ነው። የጠራ ውኃ በቀስታ የሚያልብ ከሆነ መጠኑን መከታተል ይበቃል፤ በባዶ ጠርሙስ ቀድቶ ስንት ሰከንድ እንደሚሞላ መቁጠር። የሚወጣው ውኃ ከደፈረሰ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ከታች ያሉትን ሰዎች ማስወጣት ነው። ከዚያ ጊዜ ካለ፣ የሚወጣበትን ቀዳዳ በሸክላ ወይም በላስቲክ መድፈን አይገባም፤ ውኃው ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ላዩ ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ መደርደር፤ ውኃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ለዚህ 5 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ ያንኑ ያህል ጠጠርና 100 ባዶ ማዳበሪያ ከሰኔ ጀምሮ ግድቡ ዳር፣ ገልባጭ ሳያስፈልግ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጣል። የአሸዋው ክምር በላስቲክ ይሸፈን፤ ካልተሸፈነ ነሐሴ ላይ ግማሹ ለልስን ሄዷል።